የስኳር ምትክ፦ ለሻይ፣ ለቡና፣ ለቀሪቦና ለኬክ የትኛው ይሆናል?

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሻዩንም ቡናውንም ቀሪቦውንም ሁለት ሁለት አድርጎ ማዘጋጀት አድካሚ ነው። የስኳር ምትክ የሚባለው ደግሞ በክኒን፣ በከረጢት፣ በዱቄትና በጠብታ ይመጣል። ማሸጊያው ሁሉ «ከስኳር ነፃ» ይላል፤ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ሻይ ላይ ይመራል፣ ሌላው ኬኩን ያሰምጠዋል። እዚህ ሙያው ያላችሁ አላችሁና ልክ ልኩን ንገሩን፦ ስንት ፍሬ ለስንት ማንኪያ? የትኛው እሳት ይችላል? ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ቀሪቦ ላይ ነው፤ ያለ ስኳር ይጠመቃል ወይስ አይጠመቅም?

ቀማሚ (ደሴ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የማሸጊያውን ጀርባ አንብብ። ፊት ለፊት የተጻፈው የንግድ ስም ነው፤ የሚያወራው ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ነው። 950 አሲሰልፋም፣ 951 አስፓርቴም፣ 952 ሳይክላሜት፣ 954 ሳካሪን፣ 955 ሱክራሎዝ፣ 960 ስቴቪያ ነው። አንዳንዱ ላይ ከቁጥሩ በፊት «ኢ» የምትል ፊደል ትኖራለች፤ ትርጉሙ አይለወጥም።

ጥፍጥናቸው ከስኳር ጋር ሲነጻጸር ሳይክላሜት 30 እጥፍ ገደማ፣ አስፓርቴምና አሲሰልፋም 200 ገደማ፣ ስቴቪያ ከ200 እስከ 300፣ ሳካሪን ከ300 በላይ፣ ሱክራሎዝ 600 ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ልክ መስፈር አይቻልም።

ከረጢት ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። 1 ግራም በሚመዝን ከረጢት ውስጥ ማጣፈጫው ራሱ ከ12 እስከ 40 ሚሊግራም ብቻ ነው። የቀረው ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ሁለቱም ደም ውስጥ ግሉኮስ ይሆናሉ። አንድ ከረጢት ወደ 4 ካሎሪ ስለሚጠጋ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያሳስብ አይደለም። በቀን 15 ከረጢት የሚጨርስ ሰው ግን 60 ካሎሪ ወስዷል፤ «ዜሮ ነው» ብሎ መቁጠር የለበትም። ክኒኑ ከዚህ ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ደግሞ ከስሙ አጠገብ «ፌኒልአላኒን ይዟል» የሚል ካለ አስፓርቴም አለበት ማለት ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው በዘር የሚወረስ ሕመም ላለበት ሰው ክልክል ነው።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

በሻይ ልጀምር። የእኛ አገር ሻይ ችግሩ ስኳሩ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር አብሮ መፍላቱ ነው። ስኳርን አንስታችሁ በቦታው አስፓርቴም ብታፈሉ አይሆንም። አስፓርቴም ሁለት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ነገር ነው፤ ሙቀት ሲቆይበት ይፈታል፣ ሲፈታ ጣዕሙ ይጠፋል። መርዝ ስለሚሆን አይደለም፤ የማያጣፍጥ ስለሚሆን ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። ብርጭቆ ውስጥ ተቀድቶ በ10 ደቂቃ የሚጠጣ ሻይ ላይ ክኒኑን ብትጥሉ የሚጠፋው ከቁጥር አይገባም። ጠዋት ፔርሙዝ ውስጥ ጨምራችሁ እስከ ቀትር ካስቀመጣችሁት ግን የመጨረሻው ብርጭቆ አይጣፍጥም፤ ሰውም «ክኒኑ ውሸት ነው» ብሎ በላዩ ስኳር ይጨምርበታል። በወተት ሻይ ይብሳል፤ አስፓርቴም በመጠኑ ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ ይረጋል፣ ወደ ወተት ሲጠጋ ቶሎ ይፈርሳል።

ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ያለ ምንም ማጣፈጫ ይፍላ፤ ሁሉም በየብርጭቆው ያጣፍጥ። ፔርሙዝ ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ ሱክራሎዝ፣ ስቴቪያ ወይም ሳካሪን ይሁን፤ እነዚህ የሻይን ሙቀት ይችላሉ። ቀረፋና ሄል ጨመር አድርጉ፤ ሽታቸው ምላስን ስለሚያግዝ ከማጣፈጫው ሲሶውን መቀነስ ይቻላል።

አቦል_ቶና_በረካ (ወልድያ)

ጋሽ ቀማሚ ቁጥሩን ስላነሡ አንድ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ልጨምር። በርካሽ የሚገኘው ክኒን ብዙውን ጊዜ የሳይክላሜትና የሳካሪን ቅልቅል ነው፤ የተለመደው ልክ በአንድ ፍሬ 40 ሚሊግራም ሳይክላሜትና 4 ሚሊግራም ሳካሪን ነው። አንዱ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይተካል።

አሁን የወሎን ቀን እንቁጠር። ቡና ጠዋትና ከሰዓት ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁለት ጊዜ ስድስት ስኒ። በስኒ ሁለት ማንኪያ፣ 12። ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ፣ 9። ድምሩ 21 ማንኪያ። በስኳር ከሆነ 84 ግራም፣ 336 ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ50 ግራም በታች ይሁን፣ ከ25 በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። በክኒን ከሆነ ደግሞ 21 ፍሬ፣ 840 ሚሊግራም ሳይክላሜት።

የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) የጋራ ኮሚቴ ለሳይክላሜት ያስቀመጠው የቀን ገደብ በኪሎ ክብደት 11 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 660 ይሆናል፣ ማለትም 16 ፍሬ። የአውሮፓው ደግሞ 7 ሚሊግራም ስለሆነ 10 ፍሬ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ቡና ወዳድ ሰው በዚህ ክኒን ገደቡን ያልፋል። ገደቡ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ለሚወስድ ሰው የተሰላ ስለሆነ አንድ ቀን ማለፍ አያሳምምም፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ማለፍ ግን ልክ አይደለም።

በአስፓርቴም ክኒን ያው 21 ፍሬ፣ በፍሬ 20 ሚሊግራም ቢታሰብ 420 ሚሊግራም ነው። ገደቡ በኪሎ 40 ስለሆነ ለ60 ኪሎ ሰው 2,400። ሩቅ ነው። እናም ለቡና አስፓርቴም፣ ለፔርሙዝ ሱክራሎዝ ብሎ መክፈል ያዋጣል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ላይ አይከመርም።

አጣጣሉ ላይ፦ ክኒኑን ከቡናው በኋላ ስኒ ውስጥ አትጣሉት። ብዙው ፍሬ የሚሟሟው በውስጡ ባለችው ትንሽ ሶዳ እየፈላ ነው፤ ወፍራም ቡና ላይ ሲወድቅ ሳይሟሟ አተላው ውስጥ ይቀራል፤ የላይኛው መራራ፣ የመጨረሻው ጉንጭ ደግሞ አፍ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ይሆናል። ፍሬውን ባዶ ስኒ ውስጥ አድርጉና ከጀበናው ላዩ ላይ ቅዱበት።

ሐይቅ_ማዶ (ሐይቅ)

ይቅርታ፣ ይህ ሁሉ ኬሚካል ከሚሆን በማር ቢጣፍጥስ? ማር ተፈጥሮ ነው፣ ስኳር አያመጣም ይባላል። የላስታ ነጭ ማር ደግሞ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ።

ቀማሚ (ደሴ)

እህቴ፣ የማር ክብሩ አይነካም፤ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን ይህ አባባል ሰው ይጎዳል። ማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 20 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ውስጡ 16 ግራም ስኳር አለ፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ነጩም ቀዩም፣ የላስታውም የሌላውም አንድ ነው። ብርዝም ያው። ቴምርም የደረቀው ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ማፍጠሪያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ልኩ ነው።

ስቴቪያም ቢሆን «ቅጠል ነው» ተብሎ በዘፈቀደ አይፈላ። አገሩ ፓራጓይ ነው። ገደብ ተሰልቶለት የተፈቀደው 95 በመቶ የጠራው ዱቄት ነው፤ ጥሬ ቅጠሉ ግን ጥንካሬው ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ መስፈር አይቻልም። ዱቄቱም ከበዛ እንደ ቅመም ሥር ያለ ምሬት ይተዋል።

ገብስ_ቆይ (ከሚሴ)

ወደ ቀሪቦው። ቀሪቦ ውስጥ ስኳር ሁለት ሥራ አለው፤ ያጣፍጣል፣ እርሾውን ደግሞ ይመግባል። እርሾ ሱክራሎዝ አይበላም፣ ሳካሪንም አይበላም። ስኳሩን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በምትክ ብትጠምቁ ጣፋጭ ግን የሞተ፣ አረፋ የሌለው የገብስ ውኃ ይወጣል። ስለዚህ ለእርሾው ጥቂት ስኳር ስጡት፣ ምላሱን በምትክ አጣፍጡ።

ለ5 ሊትር እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ገብስ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ቁሉ። ከውስጡ ጥቁር ቡናማ ይሁን እንጂ ከሰል አይሁን፤ ከሰል ከሆነ ያኛውን ምሬት የትኛውም ማጣፈጫ አይሸፍነውም። ሲፈላ ስለሚቀንስ 6 ሊትር ውኃ ላይ ጨምራችሁ 20 ደቂቃ አፍሉና በጨርቅ አጥልሉ። ለብ እስኪል ጠብቁ፤ ጣት ነክሮ የሚያስችል ይሁን፣ ትኩስ ከሆነ እርሾው ይሞታል። 40 ግራም ስኳር፣ ማለትም 10 ዝርግ የሻይ ማንኪያ፣ እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ጨምሩ። በሊትር 8 ግራም ስኳር መሆኑ ነው፤ ለአረፋ በቂ ነው። ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጡና ከአፉ አራት ጣት አጉድላችሁ ክደኑ።

ማጣፈጫው በሱክራሎዝ ውኃ ይሁን። ንጹሕ የሱክራሎዝ ዱቄት ካገኛችሁ 1 ግራሙን በ150 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሙ። 1 ሚሊ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይተካል። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ነው የሚለካው። ለቀሪቦ በሊትር 15 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 75 ሚሊ ነው፤ 60 ግራም ስኳር በሊትር እንደተጨመረ ያህል ይጣፍጣል። ከእርሾው ጋር አብሮ ቢገባም አይጠፋም፣ የሚበላው የለምና። ዱቄቱን በማንኪያ እየዘገናችሁ አትጨምሩ፤ አንድ ማንኪያው ከኪሎ ስኳር በላይ ነው። የመቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ከሌለ ዱቄቱን አትግዙ፤ የሱክራሎዝ ክኒን ቆጥሮ መጨመር ይሻላል፣ በሊትር 15 ፍሬ።

አሚን_ዘቃሉ (ደሴ)

ገብስ ቆይ ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ሁለት ነገር ላክልበት። አንደኛ፣ እርሾ የሚበላው ስኳር ግማሹ አየር፣ ግማሹ አልኮል ይሆናል። በሊትር 8 ግራም ሙሉ በሙሉ ቢበላ ወደ ግማሽ በመቶ አልኮል ይጠጋል። በተለመደው አጠማመቅ ደግሞ በሊትር 60 እና 80 ግራም ስኳር ስለሚገባ፣ ሁለት ቀን ከቆየ ከዚህ ብዙ ያልፋል። በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል የማይነካ ቤት ስለዚህ ሰዓቱን ይጠብቅ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ለብ ባለ ቦታ ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ፍሪጅ። ስኳሩን መቀነሱ እዚህም ላይ ይጠቅማል፣ የሚቦካ ነገር ያልቃልና። ጭራሽ እንዳይኖር የሚፈልግ እርሾውን ይተውና ቀዝቃዛውን የገብስ ውኃ ሊጠጣ ሲል ጋዝ ባለው የማዕድን ውኃ እኩል ይቀላቅለው።

ሁለተኛ፣ የመስታወት ጠርሙስ አትጠቀሙ። ፕላስቲኩን ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ስታዩት ጠንክሮ ጣት የማያሰምጥ ከሆነ ደርሷል፣ ፍሪጅ ይግባ። መስታወት ግን ሳይናገር ይፈነዳል።

ጋጋሪው (ደሴ፣ ፒያሳ)

ኬክና ዳቦ ላይ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሁሉንም ስኳር አውጥቶ በምትክ ስለሚጋግር ነው። ኬክ ውስጥ ስኳር የሚሠራው ብዙ ነው፤ ከቅቤ ጋር ሲመታ አየር ያስገባል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ያቀላል፣ ክብደቱም ራሱ የኬኩ አካል ነው። 200 ግራም ስኳር አውጥታችሁ በቦታው 0.33 ግራም ሱክራሎዝ ስትከቱ 200 ግራም የሚያህል ቦታ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ኬኩ ዝቅ ይላል፣ ፊቱ ገርጥቶ ይወጣል፣ በማግስቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

የሚሠራው ግማሹን መተካት ነው። ለ250 ግራም ዱቄት 200 ግራም ስኳር የሚል ከሆነ፣ 100 ግራሙን ስኳር እንዳለ ተዉትና የቀረውን በ25 ሚሊ የሱክራሎዝ ውኃ አጣፍጡ፤ እንቁላል አንድ ጨምሩ፣ ከእርጎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ቅቤውን ባለው ስኳር ከወትሮው አምስት ደቂቃ አስበልጣችሁ ምቱ። መብሰሉን በቀለሙ አትፍረዱ፣ አይቀላም፤ መሃሉን በስንጥር ውጉ፣ ስንጥሩ ንጹሕ ከወጣ በስሏል።

ድፎ ዳቦ ላይ ምትክ ጭራሽ አያስፈልግም። ለኪሎ ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚገባው ስኳር ለእርሾው መንደርደሪያ ነው፤ አትጨምሩት። እርሾው ከዱቄቱ በሚወጣው ስኳር ይኖራል፣ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይነሣል እንጂ ይነሣል። ፊቱ እንዲቀላ ወተት ቀቡት።

ማርማላታም በምትክ የሚሠሩ አሉ። እሱን የሚያቆየው ስኳሩ ስለሆነ በምትክ የተሠራው መደርደሪያ ላይ ይሻግታል። ፍሪጅ፣ ከሁለት ሳምንት አይለፍ።

ቀማሚ (ደሴ)

ጋጋሪው ላይ አንድ እርማት። ሱክራሎዝ እሳት ይችላል የሚለው ለሻይና ለፈሳሽ ልክ ነው። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም በ2019 እንዳሳሰበው ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ክሎሪን ያለባቸው ጎጂ ውሕዶች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የኬክ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ ቅርፊቱ ግን ያልፋል። ስለዚህ ለወፍራም ኬክ ግዴለም፣ ለስስ ብስኩትና በዘይት ለሚጠበስ ነገር አይሁን። ለእሱ ስኳሩን አሳንሶ መጋገር ይሻላል።

ጋጋሪው (ደሴ፣ ፒያሳ)

ልክ ነዎት ጋሼ፣ ብስኩቱን አወጣሁት። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ «ከስኳር ነፃ» ብስኩት የምትገዙም ጀርባውን እዩ። ማልቲቶል ወይም ሶርቢቶል የሚል ከሆነ ካሎሪ አላቸው፣ በግራም 2 ገደማ፣ ከበዛም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ዱቄቱ ደግሞ ዱቄት ነው፤ ስኳሩ ስለወጣ የስንዴው ስታርች አብሮ አልወጣም።

ነርስ_መርሳ (መርሳ)

እስካሁን ማንም ያላነሣው፣ ከሁሉም የሚቀድም ነገር አለ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ሕመም ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ፣ ላብ ሲያሰምጠው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ነገር ሲምታታበት፣ የስኳር ምትክ ምንም አያደርግለትም። ምላሱ ጣፋጭ ይቀምሳል፣ ደሙ ውስጥ ግን አንድም ግራም ግሉኮስ አይገባም። «ዜሮ» የሚል ለስላሳ አጠጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው።

መለኪያው ከ70 በታች ካለ፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ፣ አራት ዝርግ የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። 15 ግራም ገደማ ነው። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙ። ከወጣ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ። ጾም ላይ ከሆነ ጾሙ እዚያው ይፈታል፣ ማፍጠሪያ አይጠበቅም። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ይታነቃል፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ስለዚህ ምትክ የገባበት ቤት የስኳር ጣሳውን አይጣል። ከስኳር ጣሳው ጋር በሚመሳሰል ዕቃ ምትኩን አታስቀምጡ። በችኮላ ላይ በሌሊት የሚነሣው ሰው የሚያየው ክዳኑን ነው።

ሐይቅ_ማዶ (ሐይቅ)

አላህ ይስጥልን እህቴ። ስለ ማሩም ገብቶኛል። ግን አስፓርቴም ካንሰር ያመጣል ተብሎ ወጥቶ አልነበረም? ለክብደት መቀነሻስ ይሆናል?

አቦል_ቶና_በረካ (ወልድያ)

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ምናልባት» በሚለው ምድብ፣ 2ለ ላይ አስቀመጠው፤ ማስረጃው ውሱን ነው ማለት ነው። የምግብ ተጨማሪዎች ኮሚቴው፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የጋራ ኮሚቴ፣ ደግሞ መጠኑን አይቶ የ40 ሚሊግራም ገደቡን አልለወጠም። አንድ ጣሳ ለስላሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ቢይዝ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግን ሦስትና አራት ጣሳ ላይ ይደርሳል። ለልጅ ውኃና ወተት ስጡት።

ክብደት ላይ፦ ከዚያው ዓመት ግንቦት የዓለም ጤና ድርጅት ለክብደት ቁጥጥር ብላችሁ አትጠቀሙ ብሏል። ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ጤነኛ ሰው ሻዩን ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት ተኩል፣ በሁለት ሳምንቱ ወደ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ቢያወርድ ምላሱ ይለምዳል፣ ክኒንም አይገዛም። ለሕመምተኛው ደግሞ ክኒኑ ከስኳሩ በብዙ ይሻለዋል። ሁለቱን ሰው በአንድ ምክር አታስተናግዱ።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጥልን፣ ሁሉንም ጻፍኩት። የቀረችኝ አንዲት ናት፦ የሱክራሎዙ ውኃ ስንት ቀን ይቆያል? ክኒኑስ ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ሲቀመጥ ለምን ይጣበቃል?

ገብስ_ቆይ (ከሚሴ)

ውኃው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት፤ ከደፈረሰ ወይም ክር ክር ካለ ይደፋ። ሱክራሎዙ ሳይሆን ውኃው ነው የሚበላሸው፣ ስኳር ስለሌለው የሚጠብቀው ነገር የለም። ጠርሙሱን አፍሉና አድርቁ። ላዩ ላይ በፕላስተር «1 ሚሊ = 1 ማንኪያ፣ ለስኳር መውረድ አይሆንም» ብለህ የተሠራበትን ቀን ጻፍበት።

ክኒኑን የሚያጣብቀው እንፋሎት ነው። ያቺ ሶዳ እርጥበት ስትስብ ዕቃው ውስጥ እያለ መሟሟት ይጀምራል፤ ከዚያ አንድ ጫን ስትል ሁለት ሦስት ፍሬ ይወድቃል፣ ቆጠራውም ይበላሻል። ከምድጃው ራቅ አድርገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። የተጣበቀውን በጥፍር እየፈለቀቅህ አትጠቀምበት፣ ግማሽ ፍሬ ይሁን አንድ ፍሬ አታውቀውም።